አጎቴ አልሞቱም

እንደምን ዋላችሁ። ኧረ ቁጭ በሉ፣ ምሳው ገና ነው፣ ዶሮው አልወጣም፣ የነሀጂም ማዕድ ለብቻው እየተሰናዳ ነው፣ ስለዚህ ማምለጫ የላችሁም።

የዕቁባችን ዳኛ ጋሼ ባለፈው እሁድ ጠርተውኝ "አንቺ ታመሽ የተነሳሽ ነሽ፣ በዙሩ መዝጊያ ላይ ስለ ጤናና ስለ ስራ አስር ደቂቃ ተናገሪልን" ሲሉኝ እሺ አልኩ። እምቢ ብል ቅጣት ይጽፉብኛል ብዬ እኮ ነው። እና በስርዓቱ ጽፌ መጥቻለሁ፣ በራሴ ማሽን አትሜ፣ ፎንቱንም 20 አድርጌዋለሁ፣ መነጽሬን እንደምረሳ ስለማውቅ። ይኸው ረስቼዋለሁ።

ወደ ጤናው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። 2015 ሰኔ ላይ፣ ፒያሳ ሳይፈርስ፣ ሁላችንም በአንድ መስመር ጎን ለጎን እያለን፣ አጎቴ ሞተው ሱቅ ዘግቼ ለቅሶ የተቀመጥኩ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? እትዬ እንደማይረሱት አውቃለሁ፣ ቆሎውን የቆሉት እሳቸው ናቸው።

አጎቴ አልሞቱም።

ሳቁ ግድ የለም፣ ግን ልጨርሰው። ሰኔ ለማተሚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የምርቃት መጽሔት፣ ባነር፣ ስቲከር፣ መጥሪያ፣ ሁሉም አስቸኳይ ነው። በሀገራችን እኮ አስቸኳይ ያልሆነ ህትመት ኖሮ አያውቅም፣ ሰውየው ሰርጉ ጥር 18 መሆኑን ከመስከረም ጀምሮ ያውቃል፣ ካርዱን ይዞ የሚመጣው ግን ጥር 8 ነው፣ ከዛ "እባክሽ ነገ" ይላል። እና ያን ሰሞን አስራ አንድ ቀን ሙሉ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አልተኛሁም። ሐሙስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹን አስተኝቼ ገና ጋደም ስል፣ አንድ ደንበኛ በቴሌግራም ይጽፍልኛል። "እህቴ ይቅርታ፣ የአባቴ ስም በሀሌታው ሀ ነው የተጻፈው፣ በሐመሩ ሐ መሆን ነበረበት፣ ነገ ጠዋት ይድረስልኝ።" ሶስት መቶ መጥሪያ! ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ባሌን ቀሰቀስኩ፣ ማሽኒስቱን ቀሰቀስኩ፣ ሱቅ ሄደን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንደገና አተምን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያው ሰውዬ ጻፈ። "አባቴን ጠየቅኳቸው፣ ለካ የመጀመሪያው ነው ልክ።"

አልተሳደብኩም። አላለቀስኩም። ለፒያሳ ግማሽ ሱቅ ማስታወቂያ ያተምኩ ሴትዮ ማርከር አንስቼ በእጄ "በለቅሶ ምክንያት ዝግ ነው" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩና ስልኬን አጥፍቼ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰላችሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጸሐፊያችን፣ እትዬ ቆሎ በፌስታል ይዘው፣ ሀጂ ሁለት እሽግ ውሃ አሸክመው፣ ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው። እኔ ደግሞ ፊቴ በእንቅልፍ አብጧል፣ ዓይኔ ቀልቷል፣ ጸጉሬ ቆሟል፣ ከኔ በላይ ሀዘንተኛ የሚመስል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። እትዬ አቅፈውኝ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ድካሜን ነው ያለቀስኩት። "ማነው?" ተባልኩ። እዚህ ጋ "ማንም አልሞተም፣ ደክሞኝ ነው" ማለት ይቻል ነበር እኮ። አፌ "አጎቴ" አለ። "የት?" "ፍቼ።"

በቃ ከዛማ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ድንኳን ይተከል የሚል መጣ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተኮናትረን ፍቼ ድረስ እንሂድ የሚል መጣ፣ ተሳፋሪ መቆጠር ተጀመረ፣ አስራ አራት ደርሶ ነበር፣ ቀብሩ አልፏል ቤተዘመዱም ተበትኗል ብዬ በስንት ልመና ነው ያስቀረሁት። ስትወጡ 4,200 ብር በፖስታ አስጨበጣችሁኝ።

ይሄ አልበቃ ብሎ መስከረም ላይ አጎቴ ቅቤ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ሱቅ ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ ሀጂ ገቡ። "እኚህ ማናቸው?" ምን ልበል? "የሟቹ ወንድም" አልኩ። ሀጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እጃቸውን ይዘው ከልባቸው "አላህ ያጽናዎት፣ ወንድምዎ ደግ ሰው እንደነበሩ ሰምተናል" አሏቸው። አጎቴ ሻዩን አስቀምጠው ብድግ አሉ፣ "የትኛው ወንድሜ ነው የሞተው?" ፍቼ ሶስት ቦታ እስኪደውሉ አልተቀመጡም። ሀጂም ያልሰሙትን መርዶ እኔ አረዳኋቸው ብለው ሳምንት ሙሉ ሲጸጸቱ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፣ አሁን ነው የሚሰሙት።

እሺ። ለምን አወራሁት? ለሰው ሞት ስንዘጋ ማንም ምንም አይለንም። ደንበኛ ይታገሳል፣ አከራይ ይታገሳል፣ ያ የሐመሩ ሐ ሰውዬ እንኳን "እግዜር ያጽናሽ" ብሎ ጽፎልኛል። ለራሳችን ለመዝጋት ግን ሰው መግደል አለብን። እኔ ያን ቀን በሩ ላይ "ደክሞኛል ነገ እመጣለሁ" ብዬ ብጽፍ ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት "ከሰረች" ይባላል፣ ከሰዓት ወረቀት በዱቤ የሰጠኝ ነጋዴ በር ላይ ይቆማል። እናንተም ትሉ ነበር፣ አትሸፋፍኑት! የጫማ ቤቱ ልጅ ዕጣ ከወጣለት በኋላ ሁለት ቀን ሲዘጋ "በልቶ ሊጠፋ ነው፣ ዋሱን ጥሩት" ያለው ማነው? ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል። ልጁ ታይፎይድ ይዞት ተኝቶ ነበር እኮ!

ከዛ ፒያሳ ፈረሰ፣ ሁላችንም ተበተንን፣ እኔ አራት ኪሎ ወጣሁ። ማሽን መንቀል፣ ማሽን መትከል፣ አዲስ ኪራይ፣ የድሮ ደንበኛን በስልክ እየፈለጉ "እዚህ ነኝ" ማለት፣ ይሄን ለናንተ አልነግራችሁም፣ አንድ ላይ ነው ያየነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3፣ ሰባቱንም ቀን። ሂሳብ የምትሰራልኝ ልጅ አንድ ቀን ቁጭ ብላ ደመረችው፣ በሳምንት 98 ሰዓት። የሰራተኛ መደበኛ ሰዓት በህጉ 48 ነው። ማለት እኔ ሁለት ሰው ሆኜ ሰርቼ ሁለት ሰዓት ትርፍ አለኝ ማለት ነው።

ባለፈው ጥር፣ የሰርግ ካርድ እንደ ጎርፍ በሚመጣበት ሰሞን፣ ቁርስ ሳልበላ ሶስት ስኒ ቡና ብቻ ጠጥቼ ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ቆሜ ራሴን አዞረኝ። ማሽኒስቱ ባይዘኝ እጄ የት ሊገባ እንደነበር አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። ክሊኒክ ወሰዱኝ። ነርሷ ግፊቴን ለካች፣ ዝም አለች፣ ደግማ ለካች፣ በሌላኛው እጄም ለካች። 180 በ110። ከ140 በ90 ጀምሮ ግፊት ይባላል አለችኝ፣ ብዙ ሰው ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው የሚቀመጠው፣ ስንት ዓመት አብሮኝ እንደኖረ እንጃ። እኔ እኮ ጨጓራ ነው እያልኩ ተልባ እጠጣ ነበር።

ልትጠይቁኝ መጣችሁ። ብርቱካን ይዛችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ሳምንት ዕጣ ሳይጣል ለሷ ይሰጣት ማለታችሁን እስክሞት አልረሳም፣ እውነተኛውን ሞት ማለቴ ነው። ግን ቅር ያለኝን ካልተናገርኩ እዚህ መቆሜ ዋጋ የለውም። አልጋ ላይ ሆኜ ቆጥሬያችኋለሁ። ከመጣችሁት ዘጠኛችሁ "እግዜር ይማርሽ" ካላችሁ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ሱቁስ ማን አለ?" ነው። ሱቁ ደህና ነበር! ሱቁ ግፊት የለበትም! የተኛሁት እኔ ነኝ! አንዳችሁ እንኳን "በልተሻል ወይ፣ ተኝተሻል ወይ" አላላችሁኝም፣ ከእትዬ በቀር።

በናንተ ብቻ አልፈርድም፣ እኔም ያው ነኝ። የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ክርስትና ሳይነሳ፣ አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ በ18ኛው ቀን አቅፌው የቀለም ሽታ ውስጥ ገብቻለሁ። ያኔ "ጀግና" ተባልኩ። "ነውር ነው፣ አራስ ነሽ፣ ተመለሺ" ያለ የለም። ዲዛይነሬ ግን ስትወልድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ከነሙሉ ደሞዟ፣ ቤቷ ነበረች፣ እኔው ነኝ የፈረምኩላት፣ ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት። አዋጅ 1156/2011 ነው፣ አትሜ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሰራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን ፈቃድ አለው። ቢታመም እስከ ስድስት ወር ስራው አይነካም፣ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ሁለቱን ወር ግማሽ ይከፈለዋል፣ የቀረው ያለ ክፍያ ነው። በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍት አለው። ለቅሶም ቢደርስበት 3 ቀን ከነደሞዝ! ያ አዋጅ ግን እኔን አያውቀኝም፣ ባለቤት ነኛ። ለኔ አዋጅ የሚያወጣልኝ የለም፣ ከራሴ በቀር፣ እኔ ደግሞ ለሰራተኞቼ ደግ ነኝ እንጂ ለራሴ እንደኔ ያለ ክፉ አሰሪ አላየሁም። ሰራተኛዬን እኔን በማሰራበት መንገድ ባሰራ ትከሰኝ ነበር፣ ታሸንፈኝም ነበር።

ደግሞ እነዚህ ቲክቶክ ላይ ሱፍ ለብሰው "ሌላው ሲተኛ አንተ ስራ" የሚሉን። አነቃቂ ተናጋሪ! እኛን ማንን ነው የሚያነቁት? እኛ ከነቃን ሃያ ዓመታችን ነው! ለኛ የሚያስፈልገን አስተኚ ተናጋሪ ነው፣ አዳራሽ ተከራይቶ ትኬት ቢሸጥ እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ እተኛለታለሁ።

ደንበኛ ይሸሻል ትሉኛላችሁ። ሀጂን እዩ። አርብ ከ6 ሰዓት በኋላ ይዘጋሉ፣ ጁምዓ ሰግደው፣ ምሳቸውን በልተው፣ 8 ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ። እኔ ካወቅኳቸው ጀምሮ እንዲህ ነው። ማን ደንበኛ ሸሸ? የላሚኔሽን ፕላስቲክ የምገዛው ከሳቸው ነው፣ አርብ ቀትር ላይ እንደማላገኛቸው ስለማውቅ ሐሙስ እገዛለሁ፣ አለቀ። ሰው ይለምዳል። የማይለምደው ስትዋዥቁ ነው፣ አንድ ቀን ዘግታችሁ በሚቀጥለው "አይ ለርስዎማ" ስትሉ ነው።

ሌላውን በአጭሩ፣ ዶሮው ደርሷል መሰለኝ። ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ፣ ከመሳቢያ እየመዘዛችሁ አትኑሩ። ምሳ ብሉ፣ ቆማችሁ አይደለም። ግፊታችሁን ተለኩ፣ ፋርማሲም ይለኩላችኋል። ስለ ስፖርት ጋሼ ጨምሪ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ራሴ አልጀመርኩም፣ አልዋሽም፣ ውሸት ምን እንዳስከተለብኝ አይታችኋል።

አንድ ሀሳብ ግን ለአዲሱ ዙር ደንብ ላይ ይግባልኝ። እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ቀን ይምረጥና ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። በሩ ላይ የሚለጠፈውን እኔ በነጻ አትማለሁ፣ "ዛሬ እረፍት ላይ ነን" ይላል፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በዛ ቀን ከፍቶ የተገኘ ዕቁብ እንዳሳለፈ ሰው ይቀጣ። አባል ሁለት ቀን ከዘጋ ደግሞ ዋሱ ከመጠራቱ በፊት አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ይየው። ከባድ ነው የሚል ካለ ይሄኔ እጁን ያውጣ፣ ማስታወሻ እይዛለሁ።

የኔ ቀን ሰኞ ነው። ነገ ማለት ነው። ዝግ ነኝ፣ ስልኬም ዝግ ነው፣ ማንም አልሞተብኝም፣ ቆሎ ይዛችሁ እንዳትመጡ። እትዬ ብቻ ከፈለጉ ይምጡ፣ አብረን እንተኛለን።

ያቺ ፖስታ ደግሞ ይቺውላችሁ። አልከፈትኳትም፣ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረችው፣ 4,200 የሚለው በጸሐፊያችን እጅ ላይዋ ላይ ተጽፎባታል። እኔ ልመልስላችሁ አፈርኩ። ስለዚህ ባለቤቱ ራሳቸው ይመልሱ ብዬ ትናንት ከፍቼ ከተማ አስመጥቻቸዋለሁ፣ እዛ በሩ አጠገብ ነጭ ኮፍያ ያደረጉት ናቸው። ጋሽዬ፣ እስቲ ብድግ ይበሉ፣ ሀጂ ይዩዎት።