ጆሮ ጠቢ ማነው?

እናቶቻችን አባቶቻችን፣ እህት ወንድሞች፣ እንኳን ለእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ በሰላም አደረሳችሁ። ሊቀመንበራችን "መብራትና ስልክ አንድ ላይ ቢጠፋ በምን እንገናኛለን የሚለውን አስር ደቂቃ አስረዳን" ብለው ነው የጠሩኝ። አስረዳለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር ወደዛ መሄድ አልችልም።

አምና አንድ ክርስትና ላይ በር ስገባ አንዱ ወንድማችን "ዝም በሉ፣ ጆሮ ጠቢው መጣ" አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ምክንያቱ ሬዲዮ ስለማዳምጥ ነው፣ ጓሮዬ ዛፍ ላይ ሽቦ ስለዘረጋሁ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ምግቡ አልወረደልኝም። ጆሮ ጠቢ የሚባለው ቃል በኛ ዘመን ስንት ቤት እንዳፈረሰ እዚህ የተቀመጣችሁ ትልልቆቹ ታውቃላችሁ እኮ!

በደርግ ጊዜ አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ያዳምጥ ነበር። ጋቢውን ከነሬዲዮው ይከናነብና ድምፁን ከዝንብ በታች አድርጎ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል፣ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ኮቴ እጠብቃለሁ፣ የሰው ኮቴ ከሰማሁ ማሳል ነው ስራዬ። እንግዲህ ፍረዱ፣ ከሁለቱ ጆሮ ጠቢው ማነው? ጋቢው ስር ሆኖ ዓለም ምን አለች የሚለው አባቴ ነው ወይስ አጥር ጥግ ቆሞ አባቴን ሊያስበላ የሚያደምጠው? አባቴ ነው ካላችሁኝ አሁኑኑ እወርዳለሁ!

የኔን ደግሞ ብዙዎቻችሁ አይናችሁ እያየ ነው የጀመርኩት። እዚህ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያው ላይ ስንት ክረምት አብረን ቆመናል፣ ኮፈን ላይ እንጀራ ዘርግተን በልተናል። ያኔ ነው ከአንድ ጋራጅ ሴል ያገለገለች ስካነር (የሬዲዮ ንግግር እየፈለገች የምታሰማ መሳሪያ) በ40 ዶላር የገዛሁት። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአውሮፕላን ነው፣ እዛ ላይ አድርጌ ስተዋት አንድ ጠዋት "ኢትዮጵያን ፋይቭ ሃንድረድ" የሚል ድምፅ መጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ሊያርፍ ነው፣ ካፒቴኑ ከመቆጣጠሪያ ታወሩ ጋር ያወራል፣ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው ግን ከስሩ የኛ ሀገር ሰው ድምፅ አለ፣ አይጠፋም። እናንተም ትዝ ይላችኋል፣ ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ተነስተው መኪናዬን ከበቡት፣ አንድ ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው እስኪያርፍ ድረስ ቆመው ነው የሰሙት። ከዛ በኋላ በየጠዋቱ "500 ገባ እንዴ?" እያላችሁ መስኮቴን ስታንኳኩ የነበራችሁት እናንተ አይደላችሁም? ያኔ ማንም ጆሮ ጠቢ አላለኝም።

ደስታው ይሄው ነው፣ የተደበቀ ነገር የለውም። ማታ ከስራ ገብቼ ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ፣ የእሳት አደጋ መኪና የት እንደሄደ፣ የቱ መንገድ ላይ ዛፍ እንደወደቀ እሰማለሁ፣ በቃ ከተማው ሲተነፍስ መስማት ነው። የፖሊሱን ሬዲዮ አሁን በብዙ ቦታ ኢንክሪፕት አድርገውታል፣ በሚስጥር ቆልፈውታል፣ እሱን አልሰማም፣ ሞባይል ስልክ መጥለፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ በህግ የተከለከለ ነው፣ አልፈልገውምም።

መስማት ብቻ ሳይሆን ማውራትም የሚቻልበት የአማተር ሬዲዮ የሚባል አለ፣ የሱን ህግ ደግሞ ስሙልኝ፣ ይሄን የምለው ለዛ ወንድሜ ነው። የሬዲዮ ፈቃድ ስትይዝ መንግስት የጥሪ ስም ይሰጥሃል፣ ስታወራ በየ10 ደቂቃው እሱን መጥራት ግዴታህ ነው፣ በሚስጥር ኮድ ማውራት ክልክል ነው፣ ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው፣ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ በጥሪ ስምህ ማን እንደሆንክ ያገኝሃል። በየ10 ደቂቃው ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የት ሀገር ነው ያለው?

ፈቃዱን እንዳወጣ ያደረገኝ በፈረንጆቹ የ2012ቱ አውሎ ነፋስ ነው። ጁን 29፣ አርብ ቀን፣ ዲሲ ሙቀቱ 104 ፋራናይት የገባ ቀን። ማታ ነፋሱ መጣና ዛፉን ሁሉ ገነደሰው፣ መብራት ጠፋ። ጠዋት ላይ ደግሞ ፌርፋክስ ውስጥ የድንገተኛ አደጋ ስልኩ 911 ራሱ ዝም አለ፣ ትደውላለህ አይሰራም። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ በኦክስጅን ማሽን የሚኖሩ እናት ነበሩ፣ ልጃቸው ስልኩን ይዛ ደረጃው ላይ ታለቅሳለች። የኔዋ ስካነር በባትሪ ስለሆነች ትሰራለች፣ አማተሮቹ እርስ በርስ ሲያወሩ "911 አይሰራም፣ ችግር ያለበት ሰው አቅራቢያው ያለ እሳት አደጋ ጣቢያ በአካል ይሂድ" ሲሉ ሰማሁ። እሳቸውን ተሸክመን በታክሲዬ ወሰድናቸው፣ ጣቢያው ኦክስጅን ነበረው፣ ተረፉ። መንገድ ላይ ስንት የተዘጋ ነገር ዞረን እንደደረስን ብነግራችሁ አስር ደቂቃው ያልቃል።

በዛው ዓመት ተፈተንኩ። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ካገኘህ አለፍክ፣ ሞርስ ኮድ (በነጥብና በሰረዝ ድምፅ መላላኩ) ከፈተናው በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል። ሁለተኛውን ደረጃም አለፍኩና የረጅም ርቀቱ ተፈቀደልኝ።

ከዛ አንድ የጁላይ ቀን፣ እዚህ እኩለ ቀን፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ 20 ሜትር በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ላይ "ኢኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ" የሚል የጥሪ ስም፣ ET3AA ማለት ነው፣ ሰማሁ። 5 ኪሎ በድሮው ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የአማተር ሬዲዮ ክለብ ነው፣ እዛ የተማራችሁ እዚህ አላችሁ። ኢትዮጵያ ሬዲዮ ላይ ብርቅ ናት፣ ስትወጣ ጣልያኑም ጃፓኑም ብራዚሉም እኩል ነው የሚጮህላት፣ ሰልፍ የለው፣ ተራ የለው። አርባ ደቂቃ ጠራሁ፣ የኔ ድምፅ ከስር ይሰምጣል። በመጨረሻ ልጁ ጥሪ ስሜን ይዞ መለሰልኝ፣ "ፋይቭ ናይን" አለኝ፣ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል ማለት ነው፣ እኔ በአማርኛ "ጤና ይስጥልኝ፣ ከቨርጂኒያ ነው" ስለው ትንሽ ዝም አለና "እንዴት ነዎት ጋሼ፣ እዚህ እየዘነበ ነው" አለኝ። ሳተላይት የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ 100 ዋት ማለት የአምፖል ጉልበት ነው፣ እሱ ነው ከጓሮዬ ሽቦ ተነስቶ ሰማይ ላይ እየነጠረ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደው። በስልክ በየቀኑ ሀገር ቤት እደውላለሁ፣ እንደዛ ቀን ግን እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ይሄን ነው እንግዲህ ስለላ የምትሉት!

ሰዓቱ እያለቀ ነው መሰለኝ፣ ሊቀመንበራችን እያዩኝ ነው። የተጠራሁበትን ላጠቃልለው፦ እድራችን ውስጥ ቢያንስ አምስት ሰው ፈቃድ ያውጣ፣ የእጅ ሬዲዮው 30 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ስልክ ሲጠፋ 146.52 ሜጋኸርዝ ላይ እንጠራራለን፣ ቅርብ ለቅርብ ይደርሳል። ለአየር ጠባዩ ማስጠንቀቂያ 162 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ በየቤቱ ይኑር። ባትሪ አትርሱ። ፈተናውን ማጥናት የሚፈልግ እኔ ጋ ይምጣ፣ በአማርኛ አስረዳዋለሁ፣ ልጆቹም ይምጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ደለስ የድሮው ቦታችን አካባቢ ነኝ፣ ስካነሯን ይዣለሁ። 500 ሲገባ መስማት የሚፈልግ ልጁን ይዞ ይምጣ። ክርስትናው ላይ የተናገርከው ወንድሜ፣ አንተም ና፣ ቡናውን እኔ ነኝ የምይዘው።