መዝገቡ ላይ የምንጽፈው ቃል

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተርም ስለ ገመድም አይደለም። የኢንዱስትሪ ኔትወርክ መሣሪያ ውስጡን ለሌሎች ስለሚገልጥበት የኦብጀክት መዝገብ ነው። ኦብጀክት የምለው መሣሪያው ለሌሎች የሚያሳየውን እያንዳንዱን ዋጋ ነው፤ ለምሳሌ ሙቀትን። መሣሪያዎች ካን በሚባለው ኔትወርክ ላይ በሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ፣ በካንኦፕን፣ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ እያንዳንዱ ኦብጀክት ባለ 16 ቢት ቁጥር፣ ከሥሩም ባለ 8 ቢት ንዑስ ቁጥር አለው። ብዙዎቻችን ይህን መዝገብ የምንሞላው ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እየተጣደፍን ነው። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር።

አንድ ጊዜ ለማቀዝቀዣ ክፍል የሙቀት መለኪያ ስሠራ፣ የሙቀቱን ኦብጀክት አሉታዊ ቁጥር የማይዝ፣ ከ0 እስከ 65535 ብቻ የሚቆጥር ባለ 16 ቢት ብዬ መዘገብኩት። አንዱ ቁጥር የዲግሪ አንድ አሥረኛ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ 23 ዲግሪውን 230 ብሎ ሲያሳየኝ ደስ አለኝ። ክፍሉ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲደርስ ግን መሣሪያው የላከው −50 መሣሪያዎቹን በሚያዝዘው ኮምፒውተር፣ በተቆጣጣሪው ዘንድ፣ 65486 ሆኖ ተነበበ፤ 6548.6 ዲግሪ ማለት ነው። ደወሉ ጮኸ፤ ማቀዝቀዣውም ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲሠራ አደረ። ዳሳሹ ደህና ነበር፣ ሽቦውም ደህና ነበር። የተሳሳተው እኔ የጻፍኩት የቁጥር ዓይነት ነው።

ስለዚህ ኦብጀክት ስትመዘግቡ በስሙ አትርኩ። ዓይነቱን፣ መለኪያውን፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑን፣ መነሻ ዋጋውን፣ የሚነበብ ብቻ ይሁን የሚጻፍም፣ ሁሉንም አስፍሩ። ቁጥሩንም በቦታው ስጡት። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር (በሄክሳዴሲማል) ከ2000 አንሥቶ 6000 እስኪደርስ ያለው ለአምራቹ የተተወ ነው፤ ከ6000 ወዲያ በጋራ የተስማማንባቸው የመሣሪያ ዓይነቶች ይጀምራሉ። የሞተር ማንቀሳቀሻን የሁኔታ ቃል፣ ማለትም መሣሪያው አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚናገረውን ዋጋ፣ ሁሉም 6041 ላይ ይፈልገዋልና፣ በራሳችሁ ክልል ሌላ አትፍጠሩለት።

በየዑደቱ የሚላከውን መልእክት በተመለከተ ቆጣቢ ሁኑ። በነባሩ ካን አንዱ መልእክት የሚሸከመው 8 ባይት ብቻ ነው፤ ባለ 16 ቢት ዋጋ አራት ከገባ ሞላ። የመለያ ቁጥር እዚያ ምን ይሠራል? ሲጠየቅ ይነበብ።

አንድ ነገር ግን አበክሬ ልንገራችሁ። ባለ 32 ቢት ቆጣሪን በሁለት ግማሽ ከፍላችሁ አትመዝግቡ። ቆጣሪው ከ65535 ወደ 65536 ሲያልፍ፣ የታችኛውን ግማሽ ከማለፉ በፊት፣ የላይኛውን ካለፈ በኋላ ያነበበ ተቆጣጣሪ 65535 እና 65536 ተደምረው 131071 ያገኛል። ይህ ስህተት በወር አንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ሲፈልጉት አይገኝም። አንድ ሙሉ ኦብጀክት አድርጉትና መሣሪያው ራሱ በአንድ ጊዜ ይስጠው።

የሙቀቱን ስህተት ሳርም አሮጌውን ኦብጀክት አልሰረዝኩትም፣ ዓይነቱንም አልለወጥኩም። ፕሮግራማቸውን በእርሱ ላይ የጻፉ ሰዎች ነበሩና ትርጉሙን ብለውጥባቸው ሁለተኛ በደል ይሆን ነበር። ከጎኑ አሉታዊውንም የሚይዝ አዲስ ቁጥር ከፈትኩ፤ አሮጌው ከዜሮ በታች ሲሆን ዜሮ እንዲሰጥ አደረግሁ፤ ይህንኑም በመሣሪያው መግለጫ ፋይል ውስጥ በሁለቱም ኦብጀክቶች አጠገብ ጻፍኩ።

አመሰግናለሁ።