ለወንድምጋሼ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ከጀርባዬ የሚሰማችሁ ነፋስ ነው። መስኮቱን ብዘጋውም የአዳማ ነፋስ መግቢያ አያጣም። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ታላቅ ወንድሜ ላወራችሁ ነው።

ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ወንድምጋሼ ነበር የምለው፤ ዛሬም በዚያው ልጥራው።

ወንድምጋሼ ባለጋሪ ነበር። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነው የምንላት። ባጃጅ አልነበረም። ሰዉ ከመናኸሪያ ወርዶ ሰፈሩ የሚገባው በጋሪ ነው። ፈረሱ ዳማ ስለነበር ዳማ ብሎ ይጠራዋል። ማታ ደክሞት ሲገባ እንኳ ለእሱ ፉርሽካ ለውሶ ሳያቀርብ ራት አይቀምስም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ ላይ ተጀመረ። በዓመቱ ወንድምጋሼ ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። 19 ዓመቱ ነበር።

እናቴ መጻፍ አትችልም። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። 12 ዓመቴ ነው። «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ካንተ ሐሳብና ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።» የእሱ መልስ አጭር ነው። ሁሌም መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዳማ እንዴት ነው?»

ዳማ ተሽጦ ነበር። የሚነዳው ጠፋ፣ የፉርሽካ መግዣም አጣን። አባቴ «እንዳትነግሩት፣ እዚያ ሆኖ ሆድ ይብሰዋል» አለን። ስለዚህ «ዳማ ደህና ነው፣ ወፍሯል» ብዬ ጻፍኩለት። ከአንድ ጊዜ በላይ።

ሰኔ 1992 ላይ ተኩስ ቆመ። ደብዳቤው ግን ቀርቶ ነበር። ፖስታው ዘግይቶ ነው አልን። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም እናቴ ጎረቤት ቴሌቪዥን አይታ እልል እያለች ገባች። በማግስቱ ለጋቢው ጥጥ መፍተል ጀመረች። «ብርድ ለምዶ ይመጣል ብለሽ ነው?» አልኳት። «ይልበሰው እንጂ» አለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። የእድሩ ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ልጅም ያውቃል። ሁለት ሴቶች በአጠገቤ አልፈው ገብተው እናቴን ግራና ቀኝ ያዟት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገረውም።

አስከሬን የለም። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶውን ይዘው አለቀሱ። አባቴ አለንጋውን አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

አብሮት የነበረ ልጅ በኋላ ቤታችን መጣ። ዛላምበሳ አካባቢ ነው አለን፤ ግንቦት ላይ። ቀኑን አላወቀውም። አባቴ የንስሐ አባታችንን «አርባውን ከየት እንቁጠር?» ብሎ ጠየቃቸው። «የሰማችሁበትን ቀን ያዙ» አሉት። እኛም በየዓመቱ የምናስበው መርዶው የመጣበትን ቀን ነው።

እኔን የሚያንገበግቡኝ ግን በመሃል ያሉት ስምንት ወሮች ናቸው። እናቴ እልል ስትል ሰባት ወር አልፎት ነበር። ጋቢው የተፈተለው ለሌለ ሰው ነው። ከግንቦት ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስቱም ላይ ዳማ ደህና ነው። ማዶም፣ በኤርትራ በኩል፣ እንዲህ የጻፈ ልጅ አይጠፋም፤ በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን ያለቀው ወጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ሰው ሁሉ ጀግና ነበር ይለኛል። ነበር። ለእኔ ግን ራቱ እየቀዘቀዘ ፉርሽካ የሚለውስ ልጅ ነው። አሁን እኔ ከእሱ በእጥፍ እበልጣለሁ። እሱ ግን አሁንም ወንድምጋሼ ነው፤ ልጆቼ ፎቶውን አይተው «ይሄ ልጅ ማነው?» ሲሉኝ እቆጣለሁ።

አራተኛውን ደብዳቤ ጽፌው አላውቅም። እዚሁ ልበለው።

ወንድምጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? ዳማን ሸጠነዋል። የገዛው የወንጂ ሰው ነው። ሲወስደው ጋማውን ሲደባብሰው አይቻለሁ። አባባ ጋሪውንም ሸጧል። አለንጋህ ግን ቤት ነው፣ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።