ክሪስቲን «ኪቦርድ ተጫዋቿ» ብቻ አይደለችም

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ጽዮንን አክብራችሁ ደክሟችሁ እያለ በዚህ ብርድ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤቷን ለፈቀደችልን እህታችንም እንደዚሁ። ቡናው እስኪደርስ ታገሱኝ፣ ጽፌ ነው የመጣሁት።

የፍሊትዉድ ማክ ባንድ ዘፋኝ፣ ዘፈን ደራሲና ኪቦርድ ተጫዋች ክሪስቲን ማክቪ ያረፈችው በኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 2015 ነው፣ በ79 ዓመቷ፣ እንደዛሬዋ ቀን በጽዮን ማርያም።

እኔ ፍሊትዉድ ማክን ያወቅኳቸው በታላቅ ወንድሜ ካሴት ነው፣ ነፍሱን ይማርና። በደርግ ጊዜ ከሱዳን በመተማ በኩል የገባ ቅጂ ነበር፣ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። በአንዱ ፊት በፈረንጆቹ 1977 ከወጣው ሩመርስ ከሚባለው አልበማቸው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዘፈኖች፣ በሌላው ፊት የመጀመሪያው ጊታሪስታቸው የፒተር ግሪን ጊዜ ብሉዝ። ሁለት የተለያየ ባንድ ነበር የሚመስለኝ። መብራት ስለማይኖር በባትሪ ድንጋይ ነው የምንሰማው፣ ድንጋዩ ሲደክም ጠዋት ፀሐይ ላይ እናሰጣውና ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ግን ሁሌ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ካሴቱ እየተጎተተ ድምፁ ይወፍራል። ስድስተኛው ሶንግበርድ ነው። እኔ ያንን ዘፈን የሚዘፍነው በዕድሜ የገፋ፣ ሐዘን የገባው ወንድ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ገና ላይ ወንድሜ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ ሲያስገባ ሴት ሆና መጣች። ያን ቀን ማናችንም አላወራንም።

ያንን ዘፈን ክሪስቲን ካሊፎርኒያ፣ ሳውሳሊቶ ለቀረጻ በሄዱበት ጊዜ አንድ ሌሊት ተነስታ በግማሽ ሰዓት ነው የጻፈችው። መቅረጫ ስላልነበራት እንዳይጠፋባት እስኪነጋ አልተኛችም፣ ፒያኖው ላይ እየደጋገመች አነጋች። እዚህ ከተማ የቅኔ ተማሪ ሌሊት የቆጠረውን ቅኔ እስኪነጋ በልቡ ይዞ እንደሚያድረው ማለት ነው። ኋላም በርክሌይ በአንድ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው የተቀረጸው፣ ፒያኖዋ ላይ ጽጌረዳ አስቀምጠውላት።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ያረፈች ሰሞን አንድ የኤፍኤም ፕሮግራም «የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች አረፈች» ብሎ ጀመረና ስለ ባንዱ አባላት ፍቺና ጠብ አውርቶ አውርቶ ሲጨርስ የከፈተው የሌላዋን የባንዱን ዘፋኝ የስቲቪ ኒክስን ዘፈን ነው! ስቲቪን እወዳታለሁ። ግን በአንዷ ለቅሶ የሌላዋ ስም እየተጠራ ሙሾ ይወርዳል እንዴ? ዶንት ስቶፕን ማን ጻፈው? ቢል ክሊንተን በፈረንጆቹ 1992 ምርጫ የተወዳደረበትን ዘፈን? ዩ ሜክ ላቪንግ ፈንን ማን ጻፈው? ኤቭሪዌርን? በ1988 በወጣው የምርጥ ዘፈኖቻቸው አልበም ውስጥ ስምንቱ እሷ ብቻዋን ወይም ከሌላ ጋር ሆና የጻፈቻቸው ናቸው፣ ስምንት! እኛ አዝማሪ ቤት ጥሩ ግጥም ስንሰማ «ማነው የሰጠው» ብለን ዞር ብለን የምናይ ሰዎች ነን። ታዲያ ለሷ ሲሆን ለምን አንጠይቅም?

የፒተር ግሪን ወዳጆችም እዚህ አላችሁ፣ «እውነተኛው ባንድ በ1970 አለቀ» የምትሉ። በ1967 ባንዱን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ሲሄድ ጊዜ እኔም ብኖር አለቅስ ነበር። ግን በዚያው ዓመት ማን ገባ? እሷ፣ ያውም ከብሉዝ ባንድ፣ ከቺክን ሻክ። ከዛ ጊታሪስቱ ቦብ ዌልች መጣ። አሜሪካ ገቡ፣ እሱ ሄደ፣ ጊታሪስቱ ሊንዚ በኪንግሃምና ስቲቪ መጡ። ጊታሪስቱ ሲለዋወጥ ሚክ ከበሮው ላይ፣ ጆን ቤዙ ላይ፣ እሷ ኪቦርዷ ላይ ሆና ዘፈን ታቀርብ ነበር። የኔ ካሴት ሁለቱ ፊቶች አንድ ባንድ የሆኑት በሷ ነው፣ ይኸው ነው የምለው፣ ማንም ቢከራከረኝ አልመለስም።

በፈረንጆቹ 1998 አውሮፕላን መሳፈር እየፈራች ከባንዱ ወጥታ እንግሊዝ ገጠር ገባች፣ በፈረንጆቹ 2014 ተመለሰች። ስለ ሌሎቹ አልበሞቻቸው፣ ስለ ታስክና ስለ ታንጎ፣ ሌላ ቀን እናወራለን።

ካሴቱን ይዤው መጥቻለሁ። ማጫወቻውም የወንድሜ ነው፣ አራት አዲስ ድንጋይ ዛሬ ከሰዓት ገዝቼ አስገብቼበታለሁ። እህቴ፣ ቡናውን አቅርቢልን፣ እኔ ስድስተኛው ላይ አድርሼ አቁሜዋለሁ።