ድቀቱ የማን ነው? ማገገሙስ ለምን ዘገየ? የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደወሉ አድማጮች ስለ አሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀትና ስለ ተጠያቂዎቹ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የኢኮኖሚ ባለሙያችን የሰጡት መልስ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሽንብጥ የደወሉ አባት፦ «አሜሪካ ያለው ልጄ በ2009 ከሥራ ተቀንሶ የሚልክልን ገንዘብ ተቋርጦ ነበር። እሱ ጥፋተኛው ቡሽ ነው ይላል፤ እዚያው የሚኖረው አማቼ ደግሞ ኦባማ ነው ይላል። የማንን ልመን?»

አባቴ፣ ከስም በፊት ቀኑን እንይ። ድቀቱ የጀመረው በዲሴምበር 2007 ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2008፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ለኪሳራ ሲዳረግ ባራክ ኦባማ ገና ሴናተር ነበሩ። ስለዚህ ድቀቱን እሳቸው አመጡት የሚለው ክስ አይቆምም። ጥፋቱን ሁሉ በጆርጅ ቡሽ ላይ መከመርም እንዲሁ ትክክል አይደለም፤ ማዕከላዊ ባንኩ በ2003 ወለዱን ወደ 1 በመቶ አውርዶ ብድርን አርክሷል፣ አበዳሪዎች የመክፈል አቅማቸው ላልተጣራ ሰዎች የቤት ብድር ሰጥተዋል፣ የብድርን አስተማማኝነት የሚመዝኑት ደረጃ መዳቢ ድርጅቶችም በአንድ ላይ ተጠቅልለው ለባለሀብቶች የተሸጡትን እነዚያን ብድሮች አስተማማኝ ብለው መስክረውላቸዋል። ቡሽ የሚጠየቁት ይህ ሁሉ ሲሆን የላላ ቁጥጥር የነበረው አስተዳደር መሪ ስለነበሩ ነው። ብዙ ሰው የኦባማ አድርጎ የሚያስታውሰውን የ700 ቢሊዮን ዶላር የባንክ ማዳኛ ሕግ የፈረሙትም ቡሽ ናቸው።

ከዘጌ የደወሉ ቡና አምራች፦ «ድቀቱ በ2009 አበቃ ከተባለ ሕዝቡ ለምን ለዓመታት ሥራ አጣ? የወጣው ገንዘብስ የት ገባ?»

በጁን 2009 የቆመው የምርቱ መውረድ ነው፤ የጠፋው ሥራ ገና አልተመለሰም ነበር። ሥራ አጥነት በኦክቶበር 2009 10 በመቶ ደረሰ፤ የሥራው ብዛት ከድቀቱ በፊት ወደነበረበት የተመለሰውም በ2014 ነው። ዋናው ምክንያት ዕዳ ነበር። ዕዳ ያለበት ገበሬ ምርቱን ሲሸጥ በሬ ከመግዛቱ በፊት አበዳሪውን እንደሚያስቀድም ሁሉ፣ የቤቱ ዋጋ ከብድሩ በታች የወረደበት አሜሪካዊም ገቢውን ለዕዳው አዋለ፤ ሸማች ሲቀንስ ቀጣሪም ቀነሰ። ኦባማ በፌብሩዋሪ 2009 የፈረሙት የ787 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ከፊሉ የግብር ቅነሳ ነበር፤ በዚያው ወቅት ደግሞ የክልል መንግሥታት በጀታቸውን እንዲያመጣጥኑ ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ወጪ ቀንሰው ሠራተኛ አሰናበቱ።

እዚህ ላይ የኦባማ አማካሪዎች እውነተኛ ስህተት አለ። ማነቃቂያው ከጸደቀ ሥራ አጥነት ከ8 በመቶ እንደማይበልጥ በጃንዋሪ 2009 ተነበዩ። በወቅቱ በእጃቸው የነበረው መረጃ የውድቀቱን ጥልቀት አሳንሶ ያሳይ ነበር፤ የ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ምርት በዓመታዊ ስሌት 3.8 በመቶ ቀነሰ ተብሎ ከተነገረ በኋላ ሲታረም ከ8 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ተቃዋሚዎቻቸው ያንን ትንበያ የምርጫ መሣሪያ አደረጉት፤ በ2010 ምርጫም ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 63 መቀመጫ ጨመሩ። እኔ የምወቅሳቸው ማነቃቂያውን በማጽደቃቸው ሳይሆን፣ ሊጠብቁት የማይችሉትን ቁጥር ለተጨነቀ ሕዝብ በመስጠታቸው ነው።

ከጎርጎራ የደወሉ መምህርት፦ «ገለልተኛ አጣሪ አልተቋቋመም?»

ኮንግረሱ 10 አባላት ያሉት መርማሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። በጃንዋሪ 2011 ዘገባው ሲወጣ ዴሞክራቶች የመረጧቸው 6ቱ አጸደቁት፤ ሪፐብሊካኖች የመረጧቸው 4ቱ ተቃወሙት። ሆኖም የተሰበሰበው ምስክርነት ለሕዝብ መውጣቱ ትልቅ ጥቅም አለው።

ከባሕር ዳር የደወሉ፣ ቱሪስት ወደ ገዳማት የሚያመላልሱ የጀልባ ባለቤት፦ «እኛ ዘንድም አንዱ ያለፈውን መንግሥት፣ ሌላው የአሁኑን ይከሳል። ጀልባዬ የቆመው በማን ነው?»

አሁንም ቀኑን እንከተል። ኢትዮጵያ ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረችበት የ1 ቢሊዮን ዶላሩ ዩሮቦንድ የተሸጠው በ2014 ነው፤ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱ ሳይከፈል የቀረው በዲሴምበር 2023፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ደግሞ በጁላይ 2024 ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ የየራሱ ባለቤት አለው። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ብር ሲረክስ ለውጭ እንግዳ ጉዞው ይረክስለታልና በምንዛሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀልባዎ መሙላት ነበረበት። እንግዳውን ያስቀረው በመጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎን በየትኛውም ወገን ሆነው ጠመንጃ ለያዙትና ለሚያዙት ሁሉ ያቅርቡ፤ ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት።