ለወፍ የተከለለው ተራራ፦ ኪንደር ስካውት፣ 1932

[ምስል፦ የሰሜን እንግሊዝ ካርታ]

ካርታ ላይ ማንቸስተርንና ሼፊልድን ፈልጉ። ሁለቱም የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። አንዷ በጥጥ፣ ሌላዋ በብረት ትታወቃለች። በመሃላቸው ኪንደር ስካውት የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 636 ሜትር ብቻ ነው። ጫፉም ሾጣጣ አይደለም፤ ነፋስ የሚገርፈው፣ ጥቁር ረግረግ የሞላበት ሰፊ ሜዳ ነው።

በ1930 ገደማ ከማንቸስተር ባቡር ተሳፍሮ ተራራው ግርጌ መድረስ ቀላል ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አናቱ ላይ መውጣት ግን አይቻልም። ለምን? ለአንዲት ወፍ ሲባል።

ወፏ ቀይ ግራውስ ትባላለች። ቆቅ መሰል ናት። መሬት ታክካ በጣም በፍጥነት ትበራለች። የምትኖረው ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ለጋ ቀንበጥ እየበላች ነው። ሄዘር እኛ በስሜን ተራሮች የምናውቀው አስታ ዘመድ ነው፤ ግን እንደ አስታ ዛፍ አይሆንም፣ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም።

ግራውስን እንደ ዶሮ በረት ውስጥ ማርባት ከባድ ነው። ስለዚህ ባለርስቱ የሚንከባከበው ወፏን ሳይሆን ቦታውን ነው። የአደን ጠባቂዎች ሄዘሩን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ያቃጥሉታል። የተቃጠለው ለጋ ቀንበጥ ያወጣል፣ ወፎቹ ይበሉታል። ያልተቃጠለው አሮጌው ደግሞ ለጎጆና ለመደበቂያ ይሆናል። ቀበሮና ቁራ ይገደላሉ። ሰውም ይባረራል፤ በተለይ ሰው ይባረራል።

[ምስል፦ በመስመር የተሠሩ የድንጋይ መሸጊያዎች]

የግራውስ አደን በየዓመቱ ኦገስት 12 ይከፈታል፣ ዲሴምበር 10 ይዘጋል። ይህን የወሰነው የ1831 የአደን ሕግ ነው። ቀኑ ሲቃረብ የሎንዶን ጌቶች ጠመንጃና ውሻቸውን ይዘው በሌሊት ባቡር ወደ ሰሜን ይጎርፉ ነበር።

አደኑ ግን አደን የምንለው ዓይነት አይደለም። ማሳደድ የለም። አዳኙ ይቆማል፣ ወፏ ወደ እሱ ትነዳለች። ከድንጋይና ከሣር የተካበ፣ ደረት የሚደርስ መሸጊያ አለው። ከኋላው ጥይት የሚያጎርስ ሰው ይቆማል። ጠመንጃው ሁለት ነው፤ አንዱ ሲተኮስ ሌላው ይጎርሳል። ከሩቅ ደግሞ የመንደር ልጆችና የእርሻ ሠራተኞች በሰልፍ ሆነው፣ ባንዲራ እያውለበለቡና እየጮኹ ሄዘሩን አቋርጠው ይመጣሉ። ወፎቹ ደንግጠው ይነሳሉ፣ በመሸጊያዎቹ አናት ላይ ያልፋሉ። ከዚያ ተኩስ ነው። ልጆቹ በቀኑ መጨረሻ የቀን አበላቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ኦገስት 12 ቀን 1915 ላንካሻየር ውስጥ፣ አቢስቴድ በሚባል ቦታ፣ 8 ሰዎች በአንድ ቀን 2,929 ግራውስ ጣሉ። ልብ በሉ፤ ያኔ አገሪቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ናት።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ትንሽ ተቀየረ። ብዙ ወራሾች ፈረንሳይ ውስጥ ሞተው ቀርተዋል። የውርስ ግብር ከብዷል። ርስት እየተቆረሰ ተሸጠ። አደኑም ለባለፋብሪካና ለነጋዴ በኪራይ መሰጠቱ ተለመደ። የአደን ልማዱ ግን አልተነካም። የቀበሮ አደኑም እንዲሁ ቀጠለ፤ በፈረስና በውሻ፣ አጥር እየተዘለለ፣ አልጋ ወራሹ ራሱ እየተሳተፈበት። በ1924 ይህን የሚቃወም ማኅበር ቢቋቋምም ለጊዜው የሰማው አልነበረም።

የሠራተኛው መዝናኛ ሌላ ነበር። የሼፊልድ ብረት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ በልዩ ባቡር ወንዝ ዳር ወርደው፣ ማን የበለጠ ክብደት ያወጣል ብለው እየተወራረዱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን አገሩን ያዳረሰው ፋሽን ሃይኪንግ፣ ማለትም ለመዝናናት ገጠር ለገጠር በእግር መጓዝ ነው። ቁምጣ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ካርታ። ባቡር ድርጅቶች መድረሻው የማይነገር የሃይኪንግ ጉዞ ትኬት እስከ መሸጥ ደርሰዋል። በ1930 የወጣቶች ማደሪያ ማኅበር ተመሠረተ፤ የአንድ ሌሊት አልጋ በአንድ ሽልንግ።

ሥራ አጥነቱም አለ። በ1932 ሥራ ፈላጊው ወደ 3 ሚሊዮን ተጠግቷል። ጊዜ ሞልቶ ገንዘብ ለሌለው ወጣት ከእግር ጉዞ የረከሰ መዝናኛ ከየት ይመጣል? እሑድ እሑድ ማንቸስተር ጭሷን ትታ ወደ ኮረብታው ትወጣለች። እዚያ ስትደርስ ሰሌዳ ተተክሎ ታገኛለች፦ «ያለፈቃድ የገባ ይከሰሳል»።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰሌዳው ውሸት ነው። በእንግሊዝ ሕግ ያለፈቃድ ሰው መሬት ላይ መርገጥ ብቻውን ወንጀል አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ባለርስቱ ውጣልኝ ማለት ይችላል፣ ጉዳት ደርሶ ከሆነ ካሳ መጠየቅ ይችላል። እስር ቤት ግን አያስገባም። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

[ምስል፦ የሄይፊልድ መንደርና የቦውደን ብሪጅ ድንጋይ ካባ]

በ1932 ፋሲካ ሰሞን የብሪታንያ ሠራተኞች ስፖርት ፌዴሬሽን አባላት ብሊክሎ የሚባለው ጎረቤት ተራራ ላይ ሊወጡ ሲሉ በጠባቂዎች ተመለሱ። ጥቂት ስለሆንን ነው የመለሱን አሉ፤ ብዙ ብንሆን ማን ያቆመናል? ከመሪዎቹ አንዱ የማንቸስተሩ ቤኒ ሮትማን ነበር። ዕድሜው 20 ነው። ኮሚኒስት ነው፣ ሥራ አጥ ነው፣ አፉ ይናገራል። ለኤፕሪል 24፣ እሑድ፣ ቀጠሮ ያዙ። በድብቅ አይደለም፤ ወረቀት በትነው፣ ለጋዜጣ ተናግረው። ፖሊስ ማንቸስተር ባቡር ጣቢያ ሮትማንን ሲጠብቅ፣ እሱ በብስክሌት ሄይፊልድ ገባ።

ድንጋይ ካባው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ሮትማን ንግግር አደረገ፣ ጉዞ ተጀመረ። መጀመሪያ የሄዱበት ከ1897 ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተ ሕጋዊ መንገድ ነው። ዊልያም ክላፍ ከሚባለው ሸለቆ ላይ ምልክት ሲሰጥ ግን ከመንገዱ ወጥተው ዳገቱን ተያያዙት። ከላይ ጥቂት ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ቆመዋል። መገፋፋት ተፈጠረ፣ ዱላ ተነጠቀ፣ አንድ ጠባቂ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። ይኸው ነው። ከሼፊልድ በኩል ከመጣው ሌላ ቡድን ጋር ላይ ተገናኙ፣ በደስታ ጮኹ፣ ወረዱ።

መንደሩ ላይ ፖሊስ ጠበቃቸው። 6 ወጣቶች ታሰሩ።

ጁላይ ላይ ደርቢ ከተማ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክሱ ለፍርድ ይቅረብ ብሎ የወሰነው የጁሪ አባላት ዝርዝር በራሱ ታሪክ ይናገራል፦ ጄኔራሎች፣ ኮሎኔሎች፣ ሻለቆች፣ የገጠር ባላባቶች። ኦገስት ሲገባ መሸጊያ ውስጥ የሚቆመው ያው ዓይነት ሰው ማለት ነው። እና ያ ያስታወሳችሁልኝ ነገር? ከስድስቱ አንዳቸውም ያለፈቃድ በመግባት አልተከሰሱም። አይቻልማ! ክሱ ሁከት መፍጠር፣ ለሁከት ማነሳሳት፣ ጠባቂ መደብደብ ነበር። አምስቱ ከ2 እስከ 6 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ሮትማን 4 ወር አገኘ።

በእኔ ግምት ኪንደርን ታዋቂ ያደረገው ሰልፉ አይደለም፤ ፍርዱ ነው። ነባሮቹ የእግር ተጓዦች ማኅበራት ሰልፉን አልደገፉም ነበር። እነሱ ለዓመታት ከባለርስቶች ጋር በለሆሳስ ሲደራደሩ ኖረዋል፤ እነዚህ ልጆች ሥራችንን ያበላሹብናል ብለው ፈርተዋል። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ግን ድርድሩስ ምን አመጣ? የተራሮች መግቢያ ረቂቅ ሕግ ፓርላማ የቀረበው ገና በ1884 ነው። በ1932 አሁንም ረቂቅ ነው። ለሽርሽር የወጣ ልጅ ወራት እስር ሲከናነብ ግን ፖለቲካ የማይወደው ሰው እንኳ ተቆጣ።

ሕጉ ግን ወዲያው አልመጣም። እንዲያውም በ1939 የጸደቀው የተራሮች መግቢያ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ተበርዞ ተበርዞ፣ በአንዳንድ ሁኔታ ያለፈቃድ መግባትን ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ ይዞ ወጣ። ተጓዦቹ የለመኑት ዳቦ፣ የተሰጣቸው ድንጋይ። ሌላ ጦርነት አልፎ፣ በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ። በ1951 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከፈተው ኪንደር ያለበት ፒክ ዲስትሪክት ነው። በተራራና በሄዘር ሜዳ ላይ በእግር የመዘዋወር አጠቃላይ መብት የተሰጠው ደግሞ በ2000 በወጣ ሕግ ነው።

[ምስል፦ በ2002 የተከበረው 70ኛ ዓመት]

በ2002፣ በ70ኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ 11ኛው የዴቮንሻየር መስፍን ሕዝብ ፊት ቆመው አያታቸው ስላደረጉት ይቅርታ ጠየቁ። ያኔ ከኪንደር ከፊሉ የአያታቸው ርስት ነበር። ሮትማን ይህን አልሰማም፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ አርፏል።

የግራውስ አደኑ ዛሬም ኦገስት 12 ይከፈታል። የ2000ው ሕግም የአደን መሬት ባለቤቶች ውሻ እንዳይገባ መከልከል እንዲችሉ ፈቅዷል። መብቱም የሚሠራው ተለይቶ ካርታ ላይ በሰፈረ መሬት ብቻ ነው፤ ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ገደማ። አብዛኛው ጫካና ወንዝ ዳር አልተካተተም። ስኮትላንድ በ2003 በወጣ ሕግ አብዛኛውን መሬቷን ለእግረኛ ከፍታለች። የእንግሊዝ ተጓዦችም ይህንኑ እየጠቀሱ ዛሬም በየጊዜው ሰብሰብ ብለው ሰሌዳ ያልፋሉ።