ከአሰብ በኋላ ያየው ባህር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የማወራችሁ ባለፈው ነሐሴ ከአባቴ ጋር ስለሄድንበት ቦታ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ቦታው አኬዲያ ይባላል። ሜይን ስቴት ውስጥ፣ አትላንቲክ ዳር ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እኔ ከምኖርበት ከቦስተን በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ቡና ለመጠጣት ከቆማችሁ ስድስት በሉት።

መጀመሪያ ግን ስለ አባዬ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። ተሳቢ ነው የሚነዳው፣ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ። ጣርማበርን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን እኛ ልጆቹ አይተናቸው አናውቅም፤ ስማቸውን ግን በቃላችን ነው የምናውቀው፣ ምክንያቱም እማዬ ማታ ማታ «አሁን የት ደርሶ ይሆን?» እያለች በየተራ ትጠራቸው ነበር። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባዬ ግን ጅቡቲ መስመር አልገባም፣ ጡረታ እስኪወጣ አገር ውስጥ ነው የሠራው። ፖለቲካውን እንተወው፣ የዛሬው ወሬ እሱ አይደለም። እኔ የማውቀው አባዬ ከዚያ በኋላ ባህር እንዳላየ ነው። ቦስተን ሲመጣ ወደቡን አሳየሁት። ትንሽ ቆሞ አየና «ይሄ ወደብ ነው ልጄ፣ ባህር አይደለም» አለኝ።

እሺ አልኩ። ባህር ከሆነ የምትፈልገው፣ ባህር አሳይሃለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ነው የያዝኩት። የፓርኩ ትልቁ ክፍል ያለው ማውንት ዴዘርት በሚባል ደሴት ላይ ነው፤ ደሴቱ በድልድይ ከየብሱ ጋር ስለተያያዘ በመኪና ነው የሚገባው። ፓርክ ሉፕ ሮድ የሚሉት 27 ማይል የዙሪያ መንገድ አለ። መግቢያው ያኔ ለአንድ መኪና 35 ዶላር ነበር፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉብኝት ይቆጠራል፤ አብዛኛው በበጋቸውና ቅጠል በሚቀላበት ወቅት ነው የሚመጣው። ይህን ሕዝብ በአንድ ደሴት ላይ፣ በአንድ መንገድ ላይ አስቡት። ሳንድ ቢች ፓርኪንግ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ዞረናል። አባዬ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተና ወዲያው አወጣው። በነሐሴ እንኳን ውሃው 13 ዲግሪ ቢሞቅ ነው። ቀይ ባህርን ለሚያውቅ እግር ይሄ በረዶ ነው።

ከዚያ ተንደር ሆል። ማዕበሉ ዓለቱ ውስጥ ካለ ዋሻ ገብቶ አየሩን ሲያፍነው እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። በሰልፍ ነው የምታዩት። እዚህ ላይ ልጆች ላላችሁ አንድ ነገር ልበል፦ በፈረንጆቹ 2009 ዓውሎ ነፋስ ከሩቅ ባህር ላይ እያለፈ ሳለ፣ ማዕበል ለማየት የቆሙ ሰዎችን ውሃው እዚያው አካባቢ ጠርጎ ወሰዳቸው፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅም ሞተች። ሰማዩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ባህሩን አትመኑት። እርጥብ የሆነ ጥቁር ዓለት ላይ አትቁሙ።

ኬዲላክ ተራራ መውጣትም ፈልጌ ነበር። ከፍታው 466 ሜትር ነው፤ በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ከሱ የሚበልጥ የለም። ለመኪና ግን ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፣ ከመግቢያው ሌላ 6 ዶላር ይከፈላል። እኔ ይህን ሳላጣራ ሄድኩ። ልብ በሉ፣ ከቦታው 30 በመቶው የሚለቀቀው ከ90 ቀን በፊት ነው፣ የቀረው 70 በመቶ ደግሞ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 10 ላይ። ስልኬን ይዤ ጠብቄ ከሁለት ቀን በኋላ ላለችው የፀሐይ መውጫ ቦታ አገኘሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሰው ሁሉ «አሜሪካ ውስጥ ፀሐይ መጀመሪያ የምትታየው እዚያ ነው» ይላል። ያ እንኳ እውነት የሚሆነው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ቢሆንም የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ዋባናኪዎቹ፣ ስማቸው ራሱ የንጋት ምድር ሰዎች ማለት ነው።

በዚያን ቀን አባዬን ያስደሰተው አንድ ነገር ቢኖር የጋሪ መንገዶቹ ናቸው። የነዳጁ ከበርቴ ልጅ ጆን ሮክፌለር ነው ያሠራቸው፣ በፈረንጆቹ ከ1913 ጀምሮ እስከ 1940። ፓርኩ ውስጥ 45 ማይል ያህል አለ፣ ከጥርብ ድንጋይ ድልድዮች ጋር። መኪና አይገባባቸውም፣ ለፈረስ፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ ነው። አባዬ አንዱ ድልድይ ሥር ገብቶ ድንጋዩን በእጁ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። «ጣርማበር ያለው የጣልያን ሥራ እንዲህ ነው» አለ። «የነዳጅ ሰው ሆኖ መኪና የማይገባበት መንገድ መሥራቱ ግን ይገርማል።»

ማታ፣ ባረፍንበት ቤት ሽሮ እየበላን (ፍልሰታ ነበር፣ እንጀራውን ከቦስተን ነው የያዝነው) «እንዴት አየኸው አባዬ?» አልኩት።

«ቆንጆ ነው» አለ። «ባህሩን ግን አላየሁትም።»

ክው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ባህር ዳር ስንዞር ውለን! «ሰው ነው ያየሁት» አለ። «ቆም ስል የሚያልፍ አለ፣ ዘወር ስል ፎቶ የሚያነሳ አለ። ባህር እኮ ካልተቀመጡ አይታይም።»

ሌሊቱን ካርታ ሳገላብጥ አደርኩ። ለካ ፓርኩ ደሴቱ ብቻ አይደለም። ደሴቱ ላይ ራሱ በስተ ምዕራብ በኩል የአገሬው ሰው ጸጥተኛው ወገን የሚለው አለ። አይል ኦ ሆ የሚባል ሩቅ ደሴት አለ፣ ከስቶኒንግተን በፖስታ ጀልባ ነው የሚኬደው፤ ማደሪያው አምስት ከለላ ብቻ ነው። አባዬ «ጀልባ አልወጣም» ስላለ እሱን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኩት። ሦስተኛው ስኩዲክ ነው። በየብሱ ላይ ያለው የፓርኩ ክፍል እሱ ብቻ ነው፣ ደሴቱ ላይ ካለችው ከባር ሃርበር ከተማ ባህሩን በመኪና ዞሮ አንድ ሰዓት ያህል። ያ አንድ ሰዓት ነው ሰውን የሚያስቀረው።

ሲነጋ ሄድን።

ፍሬዘር ፖይንት ላይ ቆመን ቁርስ በላን። ጠረጴዛዎች አሉ፣ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነበር። ቦታው የተሰየመው በቶማስ ፍሬዘር ነው። ጥቁር ሰው ነው፣ በፈረንጆቹ 1700ዎቹ መጨረሻ ላይ እዚያ ሰፍሮ ከባህሩ ውሃ ጨው ያመርት ነበር። ይህን ስነግረው አባዬ ማኘኩን አቆመ። እሱ ራሱ ስንት ዓመት ከአሰብ ሲመለስ የሚጭነው ጨው ነበር። እኛ ቤት ያ ጨው በጆንያ ይመጣል፣ እማዬ ለጎረቤት ታካፍላለች። «ብቻውን ነው? በዚህ ብርድ?» አለኝ። ቤተሰብ እንደነበረው ነገርኩት። ተነስቶ ወንዙ ባህሩን እስከሚገናኝበት ሄዶ፣ እጁን ነክሮ፣ ውሃውን ቀመሰው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስድስት ማይል ያህል ነው፣ ባለ አንድ አቅጣጫ። «ፊት ለፊት የሚመጣብሽ የለም፣ ዝም ብለሽ እያየሽ ንጂ» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ በቀጭን መንገድ ላይ ከፊቱ የሚመጣ መኪና ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ስትሰሙ ይገባችኋል።

ስኩዲክ ፖይንት ስንደርስ ፓርኪንግ ፈልገን አልዞርንም። ከፊታችን ወደ ባህሩ የሚወርድ ሰፊ ዓለት አለ፣ ቀላ ያለ ግራናይት። መሃል ለመሃል ጥቁር መስመር ገብቶበታል፣ አንዳንዱ የመንገድ ያህል ሰፊ ነው። ግራናይቱ ሲሰነጠቅ ከሥር የቀለጠ ዓለት በስንጥቁ ገብቶ እዚያው የጠጠረ ነው። ጥቁሩ ከቀዩ ቶሎ ስለሚበላ ባህሩ እሱን እየቆፈረ ቦይ አውጥቶበታል። እኛ ያን ጥቁር «አስፋልት» አልነው።

ጋቢውን አንጥፈን ተቀመጥን። ፔርሙዝ ነበረን፣ ቆሎ ነበረን። ውሃው ሽሽት ላይ ነበር። ይህን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል፤ በዚያ አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መሃል ያለው ልዩነት ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፈንዲ የሚባል የባህር ወሽመጥ አለ፣ የዓለም ትልቁ ሙላት እዚያ ነው። አባዬ ዓለቱ ላይ ያለውን የእርጥብ ምልክት በጣቱ እያሳየ «እዚህ ድረስ?» አለኝ። አሰብ ውሃው እንዲህ አይርቅም።

ውሃው ሲወርድ ከጎናችን ያለው ጎድጓዳ ውስጥ የዘንቢል አፍ የምታህል ኩሬ ቀረች። አጎንብሰን አየናት። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ስትቆዩ ግን ጠጠር የመሰላችሁ ሁሉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ቀንድ አውጣዎች ናቸው፣ ከሽምብራ አይበልጡም። ዓለቱ ላይ የተለጠፉት ነጫጭ ዛጎሎች ውሃው ውስጥ አፋቸውን ከፍተው እንደ ላባ ያለ ነገር ያወጣሉ፣ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ። እንዲህ ነው የሚመገቡት። አባዬ መነጽሩን አወጣ። ከዚያ ሰዓቴን ሳየው አንድ ሰዓት ከሩብ አልፎ ነበር፣ እኔ በቃ አሥር ደቂቃ መስሎኝ ነበር።

ውሃው ላይ ባለ ቀለም ኳሶች ይንሳፈፋሉ፤ ቀይና ነጭ፣ ቢጫና ሰማያዊ። ከበታቻቸው የሎብስተር (መቆንጠጫ ያለው የባህር እንስሳ ነው) ወጥመድ አለ። እያንዳንዱ አጥማጅ የራሱ ቀለም አለው፣ የሌላውን አይነካም። እኛ ሎብስተር አንበላም፣ ጾሙም ባይሆን አንበላም፣ ግን አባዬ ሥራውን አደነቀው። ማዶ ከባህሩ ባሻገር የኬዲላክ ተራራ ይታያል። ከዚህ ሲታይ አንድም ሰው የለበትም፣ ዝም ያለ ሰማያዊ ጀርባ ነው።

ስለ አሰብ እንዲያወራ ጠብቄ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቴፕ መቅረጫዬንም ይዤ ነበር። ምንም አላወራም። አንዴ ብቻ «እዚያ ቀን ቀን ሞቃት ስለነበር ማታ ነበር የምናየው፣ ከመኪናው ሥር ተኝተን» አለ። መቅረጫውን አላወጣሁትም።

ውሃው መመለስ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ በአስፋልታችን ገባ፣ ከዚያ ኩሬዋን ነካት፣ ከዚያ ኩሬ የሚባል ነገር የለም። አባዬ አንዲት ክብ ድንጋይ ኪሱ ከትቶ ነበር፤ ከፓርኩ ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው ስለው አውጥቶ፣ ያነሳበትን ቦታ ፈልጎ መለሳት።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚሸሸው?» አለኝ።

«ከዛሬው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ። ግን ነገ ኬዲላክ ነን እኮ፣ ፀሐይ ልናይ፣ ከፍዬበታለሁ።»

«ፀሐይዋ እዚህ አትወጣም እንዴ?»

ቦታውን ተውኩት። በማግስቱ ሌሊት ተነስተን ስኩዲክ በምሥራቅ በኩል ቆምን። ጉም ነበር፣ ከእጃችሁ ወዲያ የማይታይበት ጉም። ፀሐይዋ መቼ እንደወጣች አላወቅንም፣ ዙሪያው ቀስ እያለ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ነጭ ሄደ። ጋቢውን ለሁለት ለብሰን ቡና ጠጣን። ከጉሙ ውስጥ የጀልባ ድምፅ መጣ፣ አጥማጆቹ ወጥመዳቸውን ሊያነሱ እየወጡ ነው። ጀልባውን አላየነውም። አባዬ ስኒውን አስቀምጦ ጆሮውን ወደዚያ አዞረ።

«ናፍጣ ነው» አለ። ትንሽ ቆየና «ሞተሩ ደህና ነው» አለ።